ከፍርምባ ጀርባ ያለችው ዕጢ

አቦል ላይ ድምፁ ጥርት ያለ ነው። ቶና ላይ ንግግሩ በአፍንጫው መውጣት ይጀምራል። በረካ ሲደርስ ቃላቱ ይተሳሰራሉ፣ አንዱ የዓይኑ ቆብ ይወርዳል፣ ሰውየውም ሳያስበው አገጩን በመዳፉ ደግፎ ይይዛል። ግማሽ ሰዓት ዝም ብሎ ካረፈ ደግሞ ድምፁ ይመለሳል። ቤተሰቡ «ደክሞት ነው» ይላል፤ ጎረቤት «ነርቭ ነው» ይላል፤ ሌላው ጸበል ይጠቁማል። ሲሠራ የሚዝል፣ ሲያርፍ የሚበረታ ጡንቻ ግን ማያስቴኒያ ግራቪስ የሚባለው በሽታ ዋና ምልክት ነው። ጠዋት ቆሎ የቆረጠመ መንጋጋ ማታ እንጀራ ማላመጥ ያቅተዋል። ጸጉሯን ለመሥራት እጇን ያነሳች ሴት ሹሩባው ግማሽ ሳይደርስ ክንዷ ይወድቃል። አንዱን ሰው ሁለት አድርጎ ማየትም አለ፤ ለዚህም ነው ብዙው ታካሚ መጀመሪያ ወደ ዓይን ሐኪም የሚሄደው።

ጎንደር ውስጥ የበሽታው ስም ከታወቀ በኋላ ቶሎ የሚከተለው ጥያቄ «ኦፕራሲዮን አለው ይባላል፤ ይወጣልኝና እድናለሁ?» የሚል ነው። ኦፕራሲዮኑ፣ ማለትም ከፍርምባ ጀርባ ያለችውን ታይመስ የምትባል ዕጢ ማውጣት፣ አለ፤ ብዙ ሰውም ጠቅሟል። ነገሩ ግን እንደ ትርፍ አንጀት አይደለም። ትርፍ አንጀት የወጣለት ሰው ሕመሙ እዚያው ይቀራል። የታይመስ ዕጢው የወጣለት ሰው ጥቅሙን የሚያየው ከወራት፣ አንዳንዴም ከ2 እና 3 ዓመት በኋላ ነው። ቀዶ ጥገና ክፍል ውስጥ የሚያልፉት ሰዓታት ከጠቅላላው ሥራ ትንሹ ናቸው። ሰው የሚጎዳው በአብዛኛው ሳይዘጋጅ ገብቶ ወይም ከወጣ በኋላ ቸኩሎ ነው። ስለ ቢላው ብቻ የሚያወራ ምክር ጎዶሎ ነው የምለውም ለዚህ ነው።

ነርቭ ጡንቻን የሚያዘው አሴቲልኮሊን በሚባል ኬሚካል ነው። ኬሚካሉ ከነርቩ ጫፍ ይለቀቃል፤ ጡንቻው ላይ ያሉ ተቀባዮች ይይዙታል፤ ጡንቻው ይኮማተራል። በማያስቴኒያ የሰውየው የገዛ መከላከያ እነዚህን ተቀባዮች እንደ ባዕድ ቆጥሮ አንቲቦዲ ይሠራባቸዋል። ተቀባዮቹ ይዘጋሉ፣ ቁጥራቸው ይመናመናል፣ የጡንቻው ገጽም ይጎዳል። በሽታው መላ አካልን ከያዛቸው ሰዎች ከ100 ወደ 85 በሚሆኑት ይኸው አንቲቦዲ በደም ምርመራ ይገኛል። ጡንቻውም ነርቩም ጤነኞች ናቸው፤ የተበላሸው መገናኛቸው ነው።

ታይመስ የምትገባው እዚህ ላይ ነው። ይህች ዕጢ ከፍርምባው ጀርባ፣ ከልብና ከትልልቅ የደም ሥሮች ፊት ለፊት ትተኛለች፤ ሁለት ቀንድ አብቅላ ወደ አንገት ትወጣለች። በልጅነት የመከላከያ ሴሎች የራስን አካል ከባዕድ መለየት የሚማሩባት ቦታ ናት። ከጉርምስና በኋላ እየሟሸሸች ወደ ስብ ትለወጣለች። በውስጧ ጡንቻ መሰል ሴሎች አሉ፤ እነርሱም የአሴቲልኮሊን ተቀባይ ይሸከማሉ። በብዙ ወጣት ታካሚዎች ዕጢዋ ከመሟሸሽ ይልቅ ታብጣ፣ አንቲቦዲ የሚመረትባቸው ማዕከላት በቅላባት ትገኛለች። ከ100 ታካሚዎች ከ10 እስከ 15 በሚሆኑት ደግሞ ቲሞማ የሚባል እብጠት ይወጣባታል።

የዕጢዋና የበሽታው ዝምድና የተገለጠው ቀስ በቀስ ነው። በ1911 ዙሪክ ውስጥ ፈርዲናንድ ዛወርብሩክ የታይሮይድ ሕመምና ማያስቴኒያ አብረው ለያዟት ሴት ታይመሷን በአንገት በኩል አወጣ፤ የጡንቻ ድካሟም ተሻላት። በ1936 አልፍሬድ ብሌሎክ በአሜሪካ ናሽቪል የ19 ዓመት ወጣትን እብጠት ያለበት ታይመስ አወጣ፣ በ1939 አሳተመው፤ ከዚያ በኋላ እብጠት የሌላቸውንም ማከም ጀመረ። በመካከሉ በ1934 ሜሪ ዎከር የምትባል ሐኪም ለንደን ውስጥ ፊዞስቲግሚን መርፌ ድካሙን ለጊዜው እንደሚያነሳ አሳይታ ነበር። የዛሬው ሜስቲኖን፣ ማለትም ፓይሪዶስቲግሚን፣ የዚያው መድኃኒት ዘመድ ነው።

ቀዶ ሕክምናው ከዚያ በኋላ ከ70 ዓመት በላይ በልምድ ሲሠራ ቆየ። ከመድኃኒት ጋር በዕጣ ተመድቦ በአግባቡ የተነጻጸረው ውጤት የወጣው በ2016 ነው። 126 ታካሚዎች ተሳትፈዋል፤ ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 65፣ ከታመሙ 5 ዓመት ያልሞላቸው፣ አንቲቦዲው የተገኘባቸው፣ ቲሞማ የሌላቸው ነበሩ። ግማሾቹ ፕሬድኒሶን የሚባለውን መከላከያን የሚያበርድ መድኃኒት ብቻ ወሰዱ፤ ግማሾቹ በፕሬድኒሶኑ ላይ ፍርምባ ተከፍቶ ታይመሳቸው ወጣ። በ3 ዓመት ውስጥ የተቀደዱት የበሽታ ነጥብ በአማካይ 6.15፣ ያልተቀደዱት 8.99 ሆነ፤ ነጥቡ ባነሰ ቁጥር ጥሩ ነው። በየሁለት ቀኑ የሚወሰደው የፕሬድኒሶን መጠን በአማካይ ለተቀደዱት 44፣ ላልተቀደዱት 60 ሚሊግራም ሆነ። በሽታው ብሶበት ሆስፒታል የተኛ ሰው ከተቀደዱት 9 በመቶ፣ ካልተቀደዱት 37 በመቶ ነበር። ከሁሉም በላይ ልብ ሊባል የሚገባው ይህ የመጨረሻው ቁጥር ይመስለኛል። ጽኑ ሕሙማን ክፍል አልጋ እንደ ልብ በማይገኝበት አገር፣ ሳይተኙ የሚያልፉት አንድ ክረምት ትልቅ ነገር ነው።

ይህ ሁሉ ግን ለሁሉም አይደለም። በጣም የሚጠቀመው አንቲቦዲው የተገኘበት፣ በሽታው ከዓይን አልፎ ጉሮሮና እግር እጅ የያዘ፣ በታመመ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ያለ ወጣት ወይም ጎልማሳ ነው። መስክ (MuSK) የሚባለው ሌላ ዓይነት አንቲቦዲ ያለባቸው ሰዎች በቀዶ ሕክምናው ሲጠቀሙ አልታየም፤ ስለዚህ አይመከርላቸውም። ዓይን ላይ ብቻ የቀረ በሽታም መጀመሪያ በመድኃኒት ይሞከራል። ቲሞማ ከሆነ ግን ሒሳቡ ይለወጣል። ዕድሜ 70 ይሁን 20፣ ድካሙ ይጽና ይቅለል፣ ሰውነቱ ቀዶ ሕክምና እስከቻለ ድረስ እብጠቱ መውጣት አለበት፤ ምክንያቱም ወደ ሳንባና ልብ ሽፋን የሚሄድ ነቀርሳ ነው። ማያስቴኒያ ያለበት ሰው ሁሉ፣ የዓይን ቆቡ ብቻ የወደቀበትም ቢሆን፣ የደረት ሲቲ ስካን ይነሳ የሚባለው ለዚህ ነው። ተራ የደረት ራጅ ትንሽ ቲሞማን ስለሚያሳልፍ አይበቃም። ሲቲ ስካኑ ላይ በግልጽ ሊወጣ የሚችል ቲሞማ የሚመስል ነገር ከታየ፣ አስቀድሞ በመርፌ ናሙና መውሰድ ብዙውን ጊዜ አያስፈልግም። ሽፋኑ ከተበሳ ሴሎቹ በደረት ውስጥ ሊዘሩ ይችላሉ፤ ሙሉውን ማውጣቱ ራሱ ምርመራም ሕክምናም ነው።

የአንቲቦዲ ምርመራው በየቦታው አይገኝም፤ ናሙናው ሩቅ ተልኮ ውጤቱ ሊዘገይ ይችላል። እስከዚያው በየትኛውም ክፍል ሊሠራ የሚችል አንድ ነገር አለ። የቀዶ ጥገና ጓንት ውስጥ በረዶ ይጨመራል፣ ጓንቱ በቀጭን የቁስል ጨርቅ ይጠቀለላል፣ ዓይን ተከድኖ በወደቀው ቆብ ላይ ለ2 ደቂቃ ይቀመጣል። ሲነሳ ቆቡ 2 ሚሊሜትር ወይም ከዚያ በላይ ከፍ ካለ ማያስቴኒያ የመሆኑ ጥርጣሬ ይጠነክራል። ብርድ አሴቲልኮሊንን የሚሰባብረውን ኢንዛይም ያዘገየዋል፤ ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ነው። የዓይን ቆቡ ሳይወድቅ ለሚደክም ሰው ግን አያገለግልም።

አሁን ወደ ዝግጅቱ። ይህ ቀዶ ሕክምና የድንገተኛ ሥራ አይደለም። መዋጥ ያቃተው፣ ትንፋሹ ያጠረ ሰው በዚያ ሁኔታ እያለ አይከፈትም፤ መጀመሪያ ይረጋጋል። «ቶሎ ይውጣልን» የሚል ቤተሰብ ጭንቀቱ ይገባኛል፤ ነገር ግን ደካማ ትንፋሽ ይዞ የገባ ሰው ከማሽን ሳይላቀቅ ሳምንታት ሊቆይ ይችላል።

ትንፋሽን ለመለካት ስፒሮሜትር ጥሩ ነው። ከሌለ ሰውየው በደንብ ተንፍሶ አየር ይሳብና በአንድ ትንፋሽ ጮክ ብሎ ይቁጠር፦ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ። ጤነኛ ሰው ወደ 50 ይደርሳል። ከ20 በታች የሚቆም የመተንፈሻ ጡንቻው ተዳክሟል። ዋናው ነገር ያንኑ ሰው በየቀኑ በአንድ ፍጥነት ማስቆጠር ነው፤ ትናንት 35 የነበረው ዛሬ 22 ከሆነ ቁጥሩ ራሱ ሐኪም ይጥራ። ሌላው መለኪያ አንገት ነው። በጀርባው ተኝቶ ጭንቅላቱን ከትራስ አንስቶ መያዝ የማይችል ሰው ትንፋሹም አያስተማምንም፤ የአንገት ጡንቻና ዲያፍራም የሚባለው ዋናው የመተንፈሻ ጡንቻ አብረው ይደክማሉ። ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ ግን እዚህ ያታልላል። ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት ጎንደር የጤነኛው ንባብም ከቆላው ሰው ዝቅ ሊል ይችላል፤ ከዚህ ይበልጥ አሳሳቢው ግን በማያስቴኒያ ኦክስጅን የሚወርደው መጨረሻ ላይ መሆኑ ነው። 94 እያነበበ ሰውየው እየደከመ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየተከማቸበት ሊሆን ይችላል። ማስቆጠር ቀድሞ ይናገራል።

ሜስቲኖን ብዙውን ጊዜ በ60 ሚሊግራም ኪኒን ይመጣል። በግማሽ ወይም በአንድ ኪኒን ተጀምሮ በየ4 እስከ 6 ሰዓት ይወሰዳል፤ ለምሳሌ ከንጋቱ 12 ሰዓት፣ ረፋድ 4፣ ከሰዓት 8፣ ማታ 12። ከምግብ 30 ደቂቃ ያህል ቀደም ብሎ ከተወሰደ ማላመጥና መዋጥ የሚቀለው በሰዓቱ ነው። ብዛቱ ሆድ ይቆርጣል፣ ያስቀምጣል፣ ምራቅና ላብ ያበዛል። በባዶ ሆድ ቁርጠቱ ይጸናል፤ ስለዚህ እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ሁዳዴ ላይ ችግር ይገጥመዋል። ንስሐ አባት ለታመመ ሰው ፈቃድ ይሰጣሉ፤ መጠየቅ ነው። ጸበል የሚሄድም ኪኒኑን በነጠላው ቋጥሮ ይሂድ፤ ሁለቱ አይጣሉም፤ መድኃኒት አቋርጦ ለሳምንት ጸበል ላይ መሰንበት ግን ትንፋሽን ሊያሳጣ ይችላል።

ሜስቲኖን ምልክቱን እንጂ በሽታውን አያክምም። ለዚያ የፕሬድኒሶን ዘመድ የሆነው ፕሬድኒሶሎን ይጨመራል። ከከፍተኛ መጠን ከተነሳ በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት ድካሙን ሊያብስ ይችላል፤ ስለዚህ ከ10 ወይም 20 ሚሊግራም ጀምሮ ቀስ እየተባለ ይወጣል። ከመጀመሩ በፊት የሳንባ ነቀርሳ፣ ሄፓታይተስ ቢ፣ ኤችአይቪና ስኳር ይታያሉ። ከአፈር በባዶ እግር የሚገባው ስትሮንጂሎይድስ የሚባለው ትልም አይረሳ። እርሻ ላይ ለሚውል የደምቢያ ወይም የጭልጋ ሰው ትልሙ ለዓመታት ድምፅ ሳያሰማ ይኖርና፣ ፕሬድኒሶሎን ሲገባ ተራብቶ መላ አካልን ይወራል። የሰገራ ምርመራና አይቨርሜክቲን ዋጋቸው ከዚያ ጣጣ ጋር አይወዳደርም።

በእነዚህም ያልተረጋጋ ሰው ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ፕላዝማ መለዋወጥ ነው፤ በየሁለት ቀኑ ወደ 5 ጊዜ ያህል ደሙ በማሽን ይታጠባል። ሁለተኛው በደም ሥር የሚሰጥ ኢሚውኖግሎቡሊን ነው፤ በኪሎ 2 ግራም፣ በ2 እስከ 5 ቀን ተከፋፍሎ። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው 120 ግራም ያስፈልገዋል ማለት ነው። ዋጋው የብዙ ቤተሰብ አቅም አይደለም፤ በዚህ ምክንያት በፕሬድኒሶሎን ወራት ወስዶ ማረጋጋት የድሃ መንገድ ተብሎ መናቅ የለበትም። ጊዜ የሚወስድ እንጂ የሚያንስ መንገድ አይደለም።

የት ይሠራል? ታካሚው የደረት ቀዶ ሐኪም፣ ማያስቴኒያን የሚያውቅ የሰመመን ባለሙያና መተንፈሻ ማሽን ያለው ጽኑ ሕሙማን ክፍል ሦስቱ በአንድ ጣሪያ ሥር ያሉበት ቦታ ይሂድ። አንዱ ከጎደለ ሌሎቹ ሁለቱ አይበቁም። አዲስ አበባ መሄድ ካስፈለገ መንገዱ በመኪና ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነውና፣ የአስታማሚ ማረፊያና የመድኃኒት ስንቅ አስቀድሞ ይታሰብ። ቢያንስ የአንድ ወር ሜስቲኖን ይያዝ፤ በአንዱ ከተማ ያለው በሌላው ሊታጣ ይችላል።

በቀዶ ሕክምናው ዕለት ታካሚው የመጀመሪያው ተራ ይሁን፤ ሲጠብቅ መዋል ያዝለዋል። ፕሬድኒሶሎን ሲወስድ የቆየ ሰው በድንገት አይቋረጥበትም፤ ሰመመን ሲጀመር ሃይድሮኮርቲዞን፣ ብዙውን ጊዜ 100 ሚሊግራም፣ በደም ሥር ይሰጠዋል። የሰመመን ባለሙያው ትልቁ ጭንቀት ጡንቻ ማፍዘዣው ነው። እንደ ሮኩሮኒየም ያሉት በተለመደው መጠን ከተሰጡ ለሰዓታት አይለቁም፤ ተቀባዮቹ ቀድሞውኑ ተመናምነዋልና። ሳክሳሜቶኒየም በተቃራኒው መጠኑ ካልጨመረ አይሠራም፤ ሜስቲኖን ስላለ ደግሞ ቆይታው ይረዝማል። ብዙዎች የሚመርጡት ያለ ማፍዘዣ በሚተነፈስ ሰመመን ብቻ ጥልቅ አድርጎ ማስተኛት ነው። ሹጋማዴክስ የሚባለው ማስለቀቂያ ባለበት ሮኩሮኒየምን በትንሹ መጠቀም ይቻላል።

ፍርምባ የሚከፈትበት መንገድ አሁንም መለኪያው ነው። ታካሚው በጀርባው ይተኛል፣ ከትከሻው ሥር ጥቅል ጨርቅ ይገባል። ቆዳው ከአንገት ጎድጓዳ ዝቅ ብሎ እስከ ፍርምባው ጫፍ በመካከል ይቀደዳል። አጥንቱ በመጋዝ ሲሰነጠቅ ሰመመን ሰጪው ማሽኑን ለጥቂት ሰኮንዶች ያቆማል፤ ሳንባው እንዲሸሽ። ከዚያ መክፈቻው ብረት ይገባና ቀዶ ሐኪሙ ከታች፣ ከዲያፍራም ላይ ካለው ስብ ይጀምራል። ስቡን ከልብ ሽፋን ላይ እየገፈፈ ወደ ላይ ይወጣል።

በግራና በቀኝ፣ የልብ ሽፋን ላይ ተለጥፈው የሚወርዱ ሁለት ቀጭን ነጭ ክሮች አሉ። ፍሬኒክ ነርቮች ናቸው፤ ዲያፍራምን የሚያንቀሳቅሱት እነርሱ ናቸው። ሐኪሙ ሁለቱንም ዓይቶ ሳያረጋግጥ መቁረጥ የለበትም። ነርቩ አጠገብ የኤሌክትሪክ ማቃጠያ አይነካም፤ ሳይቆርጠው ሙቀቱ ብቻ ያሽመደምደዋል። ጤነኛ ሰው የአንዱን ወገን ዲያፍራም ቢያጣ ደረጃ ሲወጣ ይደክመዋል እንጂ ይኖራል። የማያስቴኒያ ታካሚ ግን የቀረው ወገንም ደካማ ነው፤ ከመተንፈሻ ማሽን አለመላቀቅ ሊመጣ ይችላል። ቲሞማው ነርቩን ከወረረ አንዱን አብሮ ማውጣት ሊያስፈልግ ይችላል፤ ሁለቱን ማጣት ግን አይታሰብም።

ወደ ላይ ሲደረስ ከግራ ወደ ቀኝ የሚሻገረው ትልቁ ደም መላሽ ሥር ይገኛል። የታይመስ ደም የሚፈሰው ወደ እርሱ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ሁለት አጫጭር ሥሮች ከዕጢዋ ጀርባ ይወጣሉ። እነዚህ ታስረው ይቆረጣሉ። ዕጢዋን ጎተት ያደረገ ሰው ሥሮቹን ከግንዳቸው ይነቅላል፤ ደሙም ሜዳውን ይሞላል። ከዚያ ሁለቱ ቀንዶች ቀስ እየተባሉ ከአንገት ወደ ታች ይሳባሉ፤ ጫፋቸው ታይሮይድ ሥር ይገኛል። የሚወጣው ዕጢዋ ብቻ ሳትሆን ከአንገት እስከ ዲያፍራም፣ ከአንዱ ነርቭ እስከ ሌላው ያለው ስብ ሁሉ ነው። ምክንያቱም የታይመስ ቅንጣቶች በዚያ ስብ ውስጥ እንደ ተዘራ ጤፍ ተበትነው ይገኛሉ፤ የቀረው አንቲቦዲ ማስመረቱን ሊቀጥል ይችላል። በመጨረሻ የፈሳሽ ቱቦ ገብቶ አጥንቱ በብረት ሽቦ ይታሰራል፤ ሽቦው እዚያው ይኖራል፣ አይወጣም።

በጎን በኩል በትንንሽ ቀዳዳዎች በካሜራ ወይም በሮቦት የሚሠራውም አለ። ሕመሙ ይቀንሳል፣ ጠባሳው ያንሳል፣ ሰውየው ቶሎ ይወጣል። ልምድ ያለው እጅ ካለ ጥሩ ምርጫ ነው። እኔ ግን በቀዳዳ ግማሹን ከማውጣት ፍርምባ ከፍቶ ሁሉንም ማውጣት ይሻላል ባይ ነኝ። ታካሚው ሊጠይቅ የሚገባው «ጠባሳው ስንት ይሆናል?» ብቻ ሳይሆን «ስቡ በሙሉ ይወጣል ወይ?» የሚለውን ነው።

የመጀመሪያው ሌሊት ጽኑ ሕሙማን ክፍል ነው። የመተንፈሻ ቱቦው የሚወጣው ሰውየው ነቅቶ፣ ጭንቅላቱን አንስቶ ለ5 ሰኮንድ ሲይዝ፣ ሲያሳል ድምፁ ሲጠነክር ነው። ሜስቲኖን ሲመለስ ከቀድሞው ባነሰ መጠን ይጀመራል። ትራስ ደረት ላይ አቅፎ ማሳል ሕመሙን ይቀንሳል፤ አክታ ከቆየ ሳንባ ምች ይሆናል፣ ሳንባ ምች ደግሞ በሽታው ትንፋሽ የሚያሳጣበትን ቀውስ ይጠራል። ትንፋሽ ሲያጥር ሁለት ተቃራኒ ምክንያቶች ሊኖሩ ይችላሉ። በሽታው ብሶ ከሆነ መድኃኒቱ አንሷል። የዓይን ብሌን እንደ መርፌ ቀዳዳ ጠብቦ፣ ምራቅና ላብ በዝቶ፣ ሆድ ተላቅቆ፣ ጡንቻ ቆዳ ሥር እየተርገበገበ ከሆነ ግን መድኃኒቱ በዝቷል፤ ሌላ ኪኒን መጨመር ሰውየውን መግደል ነው። ግራ ከገባ ሜስቲኖን ይቁም፣ ትንፋሽ በማሽን ይረዳ፣ ከዚያ ይታሰብ።

ቤት ከተገባ በኋላ ያለው ሥራ የአጥንት ነው። ፍርምባ እስኪገጥም ከ6 እስከ 12 ሳምንት ይፈልጋል። እስከዚያ ከ4 ወይም 5 ኪሎ በላይ ማንሳት የለም፤ ሙሉ ጄሪካን 20 ሊትር ውኃ 20 ኪሎ ነው፤ ግማሹም ብዙ ነው። ሊጥ ማቡካት፣ አክንባሎ ማንሳት፣ ልጅ በአንቀልባ ማዘል ለሌላ ሰው ይተው። ስግደት ብዙ ሰው የማያስበው ጉዳይ ነው። ከመሬት በእጅ ተገፍቶ ሲነሳ የሰውነት ክብደት ሁሉ በክንድ በኩል ፍርምባው ላይ ያርፋል፣ የታሰረውንም ይከፍታል። ቆሞ መጸለይ ይበቃል። ከአልጋ ሲነሱም በጎን ዞሮ እግርን አውርዶ እንጂ በሁለት እጅ ገፍቶ አይደለም። በኮብልስቶን ላይ በባጃጅ መንገጫገጭም የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ይቅር። አጥንቱ ሲነካ ቀጭ ቀጭ ካለ፣ ከቁስሉ ፈሳሽ ከወጣ ወይም ትኩሳት ካለ በዚያው ቀን መታየት ያስፈልጋል፤ ፕሬድኒሶሎን የሚወስድ ሰው ኢንፌክሽኑ ትኩሳት ሳያሳይም ሊገባ ይችላል። በአውሮፕላን ወደ ጎንደር የሚመለስ ሰው ደረቱ ውስጥ የቀረ አየር እንደሌለ በራጅ ሳያረጋግጥ አይሳፈር፤ አየር ከፍታ ላይ ይሰፋል።

ከዚያ መጠበቅ ይመጣል። በ3ኛው ወር ለውጥ ያላየ ሰው «አልሠራም» ብሎ ተስፋ ይቆርጣል፤ የተሻለው ደግሞ ኪኒኑን ይጥላል። ሁለቱም ሲሳሳቱ ይታያል። ዕጢዋ ብትወጣም ቀድሞ የተሰማሩት ሴሎች ወዲያው አያልቁም፤ አንቲቦዲው የሚቀንሰው በወራት ነው። ፕሬድኒሶሎን የሚቀነሰው በሐኪም እጅ፣ በየወሩ ጥቂት ሚሊግራም እየተባለ ነው። በአንድ ጊዜ ያቆመ ሰው በሽታው ከመመለሱም በላይ ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎቹ ስለተኙ ራሱን ስቶ ሊወድቅ ይችላል። አዛታዮፕሪን የሚባለው ሌላው መከላከያን የሚያበርድ መድኃኒት ከተጨመረ ጥቅሙ ከ6 ወር በፊት አይታይም፤ የደም ሴልና የጉበት ምርመራ በየጊዜው ይፈልጋል።

ቲሞማ የወጣለት ሰው የፓቶሎጂ ወረቀቱን፣ ማለትም የወጣው እብጠት በላቦራቶሪ ታይቶ የተጻፈውን ውጤት፣ ይጠብቅ። ሁለት ነገር ይነበባል፦ ዓይነቱ ከኤ እስከ ቢ3፣ ደረጃው ከ1 እስከ 4። 1ኛ ደረጃ ሽፋኑን ያልጣሰ ነው፤ 3ኛው ጎረቤት አካላትን የነካ ነው፤ 4ኛው የተበተነ ነው። ጠርዙ ንጹሕ ካልሆነ ወይም ደረጃው ከፍ ካለ ጨረር ይታከላል። ቲሞማ ከብዙ ዓመት በኋላ ሊመለስ ስለሚችል ክትትሉ ወደ 10 ዓመት ይዘልቃል። ወረቀቱ ከጠፋ ተከታዩ ሐኪም በጨለማ ይሄዳል።

ይህ ቀዶ ሕክምና በብዛት የሚጠቅማቸው ወጣት ሴቶች በመሆናቸው እርግዝናም ይነሳል። ዕጢው መውጣቱ መውለድን አይከለክልም፤ በሽታው ሲረጋጋ ማርገዝ ይመረጣል። ከ100 ሕፃናት ከ10 እስከ 20 የሚሆኑት ለጥቂት ሳምንታት ከእናታቸው አንቲቦዲ ወርሰው ጡት መጥባትና ማልቀስ ይደክማቸዋል፤ ስለዚህ ሆስፒታል ወልደው የመጀመሪያዎቹን 3 ቀናት እዚያው ይቆዩ። እናቲቱ የእርግዝና ደም ግፊት ከያዛት በየጤና ጣቢያው የሚሰጠው ማግኒዚየም ሰልፌት ለእርሷ አይሆንም፤ ትንፋሿን ሊያቆም ይችላል። ይህ ከምጥ በፊት መነገር ያለበት ነው።

ታይመሱ የወጣለትም ሆነ ገና የሚጠብቅ ሰው ኪሱ ውስጥ አንድ ወረቀት ያኑር። በአማርኛና በእንግሊዝኛ፣ በትልልቅ ፊደል። ከላይ «ማያስቴኒያ ግራቪስ አለብኝ»፤ ከሥሩ የሚወስዳቸው መድኃኒቶችና መጠናቸው፤ ከዚያ የማይሰጡት። ጄንታማይሲንና ሲፕሮፍሎክሳሲን ይጻፉ። ለትራኮማ በአማራ ክልል በየመንደሩ በዘመቻ የሚታደለው አዚትሮማይሲንም ይጻፍ፤ አዳዩ ሲመጣ ወረቀቱን አሳይቶ ሐኪም ሳይጠይቁ አለመዋጥ ነው። ወደ መተማና ሑመራ ለሥራ የሚወርድ ሰው ክሎሮኩዊንና ኩዊኒን በቀይ ይጻፍበት፤ ለከባድ ወባ አርቴሱኔት መርፌ አለ። ፕሮፕራኖሎል፣ ማግኒዚየምና ጡንቻ ማፍዘዣም ከማይሰጡት ጋር ይጻፉ። ለተራ ኢንፌክሽን አሞክሲሲሊንና ሴፍትሪያክሶን በአብዛኛው ይቻላሉ፤ እነርሱም ከታች ይጻፉ፣ የጤና ጣቢያው ነርስ የሚከለክለውን ብቻ ሳይሆን የሚሰጠውንም ይወቅ። ወረቀቱ በፕላስቲክ ተሸፍኖ ከመታወቂያው ጋር ይቀመጥ፤ ሌላው ቅጂ ቤት ውስጥ፣ ሰዉ ሁሉ በሚያውቀው ቦታ።